ያስተማረሽ ማነው?

ቦሰና የሻይ ማንቆርቆሪያውን በእንግዳ ማረፊያው አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ ሁለት እጆቿን አጣመረች፤ ከወገቧ ጎንበስ አለችና መጀመሪያ ለሽማግሌው ተናገረች።

"አንኞንግሂ ጁሙሾሱምኒካ።"

ሽማግሌው ኮሪያዊ መሐንዲስ ጓድ ፓክ የወንበሩን መደገፊያ እንደያዙ ቀሩ። ሊቀመጡ ጉልበታቸውን አጥፈው ነበር፤ መልሰው ዘረጉት። ቦሰና አብረዋቸው ወደ መጡት ሁለት ጎልማሶች ዞረች፤ የቃሉን መጨረሻ አለዝባ፣ ጎንበስ ማለቷንም ቀነስ አድርጋ፣ "አንኞንግሂ ጁሙሾሶዮ" አለቻቸው። አንደኛው ሳቀ። ሌላው እናቱ የገባችበት ይመስል የያዘውን ሲጋራ ከጀርባው ደበቀ።

ጓድ ፓክ እንደቆሙ ለሰላምታው መልስ ሰጡ። ከዚያ ለአስተርጓሚው ለተክለጊዮርጊስ ረዘም ያለ ነገር ነገሩት።

"በጣም ተደስተዋል" አላት ተክለጊዮርጊስ። ፒዮንግያንግ ተምሮ የመጣ፣ ቀልድ የሚወድ ወጣት ነው። "እንዲህ ያለ የጠዋት ሰላምታ ከቤታቸው ከወጡ ጀምሮ አልሰሙም። ማነው ያስተማረሽ ይላሉ። እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። እኔ ያስተማርኳችሁ አንዲት ቃል ናት፤ እሷንም ጠይባ የቅመም ስም አስመስላታለች።"

"አንተ የኮሪያን ቅመም ስታውቅ ነው የኔን የምትነቅፈው" አለች ጠይባ ከወጥ ቤቱ በር ላይ። የእንግዳ ማረፊያው ምግብ አብሳይ ናት።

ሁሉም ሳቁ። ቦሰናም ሳቀች። ያጠፋችውም በዚያ ሳቅ መሀል ነው።

"አጎቴ ናቸው" አለች። "አቶ ወልደአረጋይ። ጎረቤላ ነው ያሉት። ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው።"

ማንም አላስገደዳትም። ባደገችበት ቤት ግን ምስጋናን ዝም ብሎ መቀበል ነውር ነበር። ፈትሏ ሲመሰገን የአጎቷን ሚስት ጠርታ "እትዬ ታንጉት ናቸው ያስለመዱኝ" ማለት ነበረባት፤ ንባቧ ሲመሰገን የመሪጌታውን ስም መጥራት ነበረባት። ያስተማረውን ሳይጠራ ምስጋና የሚውጥ ልጅ እዚያ ቤት ስድ ይባላል። ወልደአረጋይ ይህን በቁጣም በኩርኩምም አስተምረዋታል። ስለዚህ ስሙ ከአፏ የወጣው ሰው ሲያስነጥስ "ይማርህ" እንደሚባለው፣ ሳይታሰብ ነው።

ከጠረጴዛው ጫፍ እንቁላል ይልጥ የነበረው የፕሮጀክቱ ኃላፊ ጓድ ኃይለ ገብርኤል ጣቶቹን አቆመ።

"አጎትሽ ኮሪያኛ የት ተማሩ?" አለ፤ በጨዋ ድምፅ።

ቦሰና የማንቆርቆሪያውን ክዳን አስተካከለች።

"ወታደር ነበሩ" አለች በመጨረሻ፤ ሌላ የምትለው ስታጣ።

"ወታደር" አለ ኃይለ ገብርኤል። የተላጠውን እንቁላል ሳይቀምሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። "ገባኝ።"

ጓድ ፓክ ትርጉም ይጠብቃሉ። ተክለጊዮርጊስ አለቃውን ሰረቅ አድርጎ አየና አጭር ነገር ነገራቸው። ሽማግሌው ቦሰናን እያዩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ተክለጊዮርጊስ አልተረጎመላትም። ሻይ ቀዳችላቸው።

ነገሩ የተጀመረው በዚሁ አዳራሽ ነበር። ኮሪያውያኑ ከአንኮበር በታች ላለው ቆላ የመስኖ ጥናት ሊያካሂዱ ወደ ደብረ ብርሃን እንደሚመጡ በተነገረ ሰሞን ተክለጊዮርጊስ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ለሁሉም ሰው የምትሆን አንዲት ሰላምታ አስጠናቸው። የጠዋቱ ሰላምታ ግን እንደ ሰውየው ዕድሜና ክብር ስለሚለያይ ለእነሱ እንደማያስፈልጋቸው ነገራቸው። "ለሽማግሌ ሌላ፣ ለእኩያ ሌላ ነው። ሕፃን ልጅ ስትቀሰቅሱማ 'ጃል ጃሶ' ብላችሁ ትገላገላላችሁ" አለ።

ቦሰና እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ። እናትና አባቷ ሞተው አጎቷ ቤት ስታድግ በየጠዋቱ ብርድ ልብሷን ገለጥ አድርገው "ጃል ጃሶ" እያሉ የሚቀሰቅሷት ወልደአረጋይ ነበሩ። እሷ ልጅ ማባበያ ትመስላት ነበር፤ ትርጉም ያለው ቃል መሆኑን አታውቅም። አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን አጎቷ ቃሉን ተዉት። እሷም አድጌ ነው ብላ ረሳችው።

ወልደአረጋይ የቃኘው ወታደር ነበሩ። ከንጉሡ ጦር ጋር ኮሪያ ዘምተው፣ በደቡብ በኩል ተሰልፈው ተዋግተው ተመልሰዋል። የላካቸው መንግሥት ነው፤ ሲመለሱ በማርሽ ባንድ የተቀበላቸውም መንግሥት ነው። ኋላ የመጣው መንግሥት ደግሞ ከሰሜኖቹ ጋር ወዳጅ ሆነና፣ መርከብ ላይ ውጣ ሲባል የወጣውን ባላገር "የኢምፔሪያሊስት ቅጥረኛ" አለው። ወዳጅነቱን የተዋዋሉት ሰዎች አንድ ቀን እንኳ በረዶ ላይ አላደሩም። ወልደአረጋይ በጓደኞቻቸው ላይ የደረሰውን አይተው አፋቸውን ዘጉ፤ ወደ አባታቸው ሙያ ተመለሱ፤ ከበግ ፀጉር ባና እየሠሩ፣ ብርድ የሚፈራውን ደገኛ ሁሉ እያለበሱ ይኖራሉ። የት ነበርክ ሲባሉ "ሐረርጌ" ይላሉ።

ቦሰና ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አገጣጠመችው። ሞኝ አይደለችም። አውቃ ነው የሄደችባቸው። የእንግዳ ማረፊያው ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበረች፤ ኃይለ ገብርኤል ደግሞ እንግዶቹን ደስ ያሰኘች በቋሚነት ትቀጠራለች ብሏል። በመጀመሪያው እሑድ ጎረቤላ ወጣችና አጎቷን ሽመና ላይ እንደተቀመጡ አገኘቻቸው።

"አባባ፣ ጃል ጃሶ ማለት እንዴት አደርሽ ማለት ነው አይደል?"

መወርወሪያው መሀል ላይ ቆመ።

"በሩን ዝጊው" አሉ።

ዘጋችው።

"ማነው የነገረሽ?"

"አስተርጓሚያችን። ለሽማግሌም ለእኩያም የሚባለውን ያስተምሩኝ።"

"አላውቅም።"

"ያውቃሉ አባባ።"

"አላውቅም አልኩሽ። ሂጂ አክስትሽን ጠላ ቅጂልኝ በያት።"

በሚቀጥለው እሑድም ሄደች፤ እምቢ አሏት። በሦስተኛው አለቀሰች። "ሌላው ሁሉ ቢሮ ውስጥ ዘመድ አለው። የኔ ዘመድ እርስዎ ብቻ ነዎት" አለቻቸው። የወላጅ አልባነቷን ነገር ካነሳች ወልደአረጋይ እምቢ ማለት እንደማይሆንላቸው ታውቃለች። አውቃ ነው ያነሳችው።

"እነሱም እንደኛ ናቸው" አሉ ወልደአረጋይ፤ ዓይናቸውን ከድሩ ሳይነቅሉ። "ጠዋት ሲገናኙ የሚጠያየቁት ስለ ሌሊቱ ነው። እኛ በደህና አደሩ ወይ እንላለን፤ እነሱ በደህና ተኙ ወይ ይላሉ። ከጦር ሰፈራችን አጥር ማዶ አንዲት ልብስ አጣቢ አሮጊት ከምራቷና ከልጅ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። በየጠዋቱ እየሰማሁ ነው የለመድኩት። አሮጊቷ ለሕፃኗ አጭሩን ትላለች። ምራቲቱ ለጎረቤቷ መካከለኛውን፣ ለአማቷ ረጅሙን ትላለች።"

"ለእርስዎስ የትኛውን ይሉዎት ነበር?"

"አሮጊቷ ለኔም ረጅሙን ትለኝ ነበር። እናቴ የምትሆን ሴትዮ ወገቧን አጥፋ። ጢሜ እንኳ አልበቀለም፤ ጠመንጃ ስለያዝኩ ነው። ተይ እንዳልላት ተይ የሚለውን ቃል አላውቀውም።" መወርወሪያውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። "በይ፣ አንቺ ለሽማግሌ ብቻ ነው እንደዚያ የምትጎነበሺው። ጠመንጃ ለያዘ አይደለም።"

አስተማሯት። በመጨረሻም አስማሏት። ከየት እንዳመጣችው ለማንም እንዳታነሳ "ወልደአረጋይ ይሙት" ብላ ማለች። ሰውየው ራሳቸው በስማቸው ነው ያስማሏት፤ ከዚያ የከበደ መሐላ እንደሌላት ያውቃሉ።

ከቁርስ በኋላ ኃይለ ገብርኤል ቢሮው አስጠራት። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ጥሩ ልብስ የሚለብስ፣ ሰው ሲያስፈራራ ድምፁን የማይጨምር ሰው ነው።

"ቦሰና፣ አንቺ የድሃ ልጅ ነሽ። አብዮቱ የመጣው ላንቺ ነው። ይህ ሰውዬ ግን በወንድም ሕዝብ ላይ የተኮሰ ቅጥረኛ ነው። እንግዶቹ እንደሚመጡ ሲሰማ ባንቺ በኩል ሊጠጋቸው ፈለገ።"

ቁርስ ላይ "አጎትሽ ተማሩ" ያለው ሰው፣ ሰዓት ሳይሞላ ሽማግሌውን "ሰውዬ" ማለት ጀመረ።

"እሳቸው ምንም አልፈለጉም" አለች።

"ፈልጓል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የውይይት ክበብ አለ። ተነስተሽ እንዴት እንደመጣብሽ ትናገሪያለሽ። ወደ አንቺ የመጣው እሱ ከሆነ አንቺ የተታለልሽ የዋህ ልጅ ነሽ፤ የቋሚነት ደብዳቤሽም እንደተባለው ይወጣል።"

"ካልመጡስ?"

"ካልመጣማ አንቺ ነሽ ፈልገሽ የሄድሽው። ለምን ሄደች ብለን መጠየቃችን ነው።" እስክሪብቶውን ከደነው። "መኪናው ነገ ጠዋት ጎረቤላ ይሄዳል። ከሁለት ሰው ጋር።"

እውነቱን ለመናገር ኃይለ ገብርኤል ወልደአረጋይን አይጠላም፤ አያውቃቸውምም። ቁርስ ላይ የነበረ አንድ ሰው ቀድሞት ለበላይ አካል እንዳይናገር ፈርቶ ነው። በዚያ ዘመን ቀድሞ ያልከሰሰ ይከሰሳል። አገር የሚያስተዳድረው ያ ፍርሃት ነበር፤ ስሙን ንቃት አሉት፣ ስብሰባ ሠሩለት፣ ሊቀመንበር ሾሙለት።

ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ወልደአረጋይ ባናቸውን ይዘው ደብረ ብርሃን ገበያ ይወጣሉ፤ ኃይለ ገብርኤል ጎረቤላ የሚፈልጋቸው ሰው ከቢሮው ብዙም ሳይርቁ ነው የተቀመጡት። ቦሰና ሎሚ ልትገዛ ብላ ወጣችና ባና ተራ ደረሰች። አጎቷ ጥቁር በርኖሳቸውን ተከናንበው ተደራርበው በተቀመጡት ባናዎች ላይ ተሰይመው ከአንዲት የእነዋሪ ሴት ጋር ይከራከራሉ።

"ይኸ እኮ ይወጋል" ትላለች ሴትዮዋ፣ ባናውን ጉንጯ ላይ እያሻሸች።

"እመቤቴ፣ የሚወጋው ብርዱ ነው። ባናው ይከላከላል እንጂ።"

ሴትዮዋ እየሳቀች ሄደች። ወልደአረጋይ ቦሰናን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ቦታ ለቀቁላት።

"እህሳ? አልሻቸው?"

"አልኳቸው።"

"ለሽማግሌው ረጅሙን?"

"ረጅሙን። ቆመው ቀሩ።"

"ቆመው ቀሩ" አሉ ወልደአረጋይ ቀስ ብለው፣ ቃሉን እንደ ቆሎ እያላመጡ። ስንት ዓመት የደበቁት ነገር አንድ ቀን ለበጎ ሲውል ማየት ደስ ብሏቸዋል፤ ሊደብቁትም አልቻሉም። ከዚያ ዙሪያቸውን ቃኘት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔን አላነሳሽኝም?"

አሁን ነው፣ አለች በሆዷ።

"አላነሳሁም" አለች በአፏ።

"ጎሽ የኔ ልጅ።" ከባናዎቹ መካከል በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ የታንጉት ዳቦ ነው። "አክስትሽ ልካልሻለች። ብርድ ነው፣ ሳይደርቅ ብዪው።"

ዳቦውን ተቀብላ ተሰናበተች። ዞር ብላ አላየችም። ሎሚውንም አልገዛችም።

ምሳ ሰዓት ላይ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሳህን ስታደርቅ ጠይባ ከምድጃው ዞራ አየቻት።

"አንቺ ልጅ፣ ያንን ሳህን ልትበሺው ነው። ከደረቀ ቆየ።"

ቦሰና ተናገረች። ምሎ የከዳ ሰው ሆድ ብዙ አይችልም፤ ሁሉንም ተናገረች። ተክለጊዮርጊስ ለእንግዶቹ ፍል ውሃ ሊወስድ ገብቶ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። ጠይባ አየችውና ጭልፋዋን ወደ እሱ ቀሰረች።

"ሽማግሌው ጠዋት ለልጅቷ ምንድነው ያሏት? ስትውጠው አይቼሃለሁ።"

"ተይኝ እስቲ ጠይባ።"

"ወላሂ አልተውህም። ምን አሉ?"

ተክለጊዮርጊስ ወደ አዳራሹ አየና በሩን ከጀርባው ገፋው። "በሕይወት ካሉ ከኔ ከፓክ እንዴት አደሩ በይልኝ ነው ያሉት። ደግሞ እንዲህ አድርጎ ያስተማረሽ ሰው ጥሩ ጆሮ አለው አሉ።"

"አጎቷ የት እንደተማሩት ነግረሃቸዋል?"

"ነግሬያቸዋለሁ። ወታደር ነበሩ አልኳቸው። አረጋዊ ሰው ናቸው፣ ጦርነቱን ያውቁታል፣ ወዲያው ገባቸው።"

"ታዲያ ለምን አልተረጎምክልኝም?" አለች ቦሰና።

"ኃይለ ገብርኤልን አላየሽውም? እኔም እንጀራዬ እዚሁ ነው ቦሰና።" ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወጣ፤ ለመቀለድም አልሞከረም።

"ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው" አለች ጠይባ። "የተተኮሰበት ሰውዬ ሰላም በሉልኝ ይላል፤ ያልነበረበት እሥር ያዘጋጃል። ስሚኝ። ወንድሜ ዓወል ዛሬ በርበሬ አውርዶ በዚያው መኪና ከሰዓት ወደ አሊዩ አምባ ይመለሳል። አጎትሽን ያሳፍራቸው። የኛ ቤት ለእንግዳ ጠቦ አያውቅም። ኢንሻአላህ እስኪበርድ ይቀመጣሉ።"

ቦሰና ሽርጧን ፈታች።

ባና ተራ ስትደርስ ወልደአረጋይ ያልተሸጠውን እያጣጠፉ ነበር። አጠገባቸው መሬት ላይ ተንበረከከች።

"አባባ፣ ጠዋት ዋሽቼዎታለሁ። ስምዎን ጠርቻለሁ።"

እጃቸው ባናው ላይ እንዳለ ቀረ።

"በሞቴ ምለሽ" አሉ።

"በሞትዎ ምዬ።"

"ማን ፊት?"

"ሁሉም ፊት። ነገ ጠዋት ጎረቤላ ሊመጡብዎ ነው።"

"ምን ቆርጦሽ? እኔ ላንቺ ምን አደረግሁሽ? ሳስተምርሽ ጥርሴ ይንገጫገጭ እንደነበር አላየሽም?" ቁጣቸው ድምፅ አልነበረውም፤ ገበያ መሀል ስለሆኑ በጥርሳቸው ነው የሚናገሩት። ቢጮኹባት በቀለላት ነበር። "ገደልሽኝ እኮ።"

"ማነው ያስተማረሽ ሲሉኝ... ዝም ብዬ ብቀበል ስድ የምሆን መሰለኝ።"

ወልደአረጋይ ሊሰድቧት አፋቸውን እንደከፈቱ ቆዩ። ከዚያ ዘጉት። በጭናቸው ላይ ያለውን ባና አሻሹ።

"ይህንንም ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ" አሉ።

የጓድ ፓክን ሰላምታ ነገረቻቸው። የሰውየውን ዕድሜ ጠየቁ፤ የእርስዎ እኩያ ናቸው አለቻቸው። "ደህና አድሬያለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን በይልኝ" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። የዘጠኝ ሰዓቱን ክበብና የደብዳቤዋንም ነገር ነገረቻቸው። የዓወልን መኪና ስትነግራቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ታንጉትን ለማን ጥዬ? እኔን ሲያጡ እሷን ነው የሚወስዱት። ቤቴ ሄጄ እጠብቃቸዋለሁ። ክበቡ ምን በይ አለሽ?"

"እርስዎ ነዎት የመጡብኝ እንድል።"

"በይዋ።"

"አባባ..."

"እንዳታቋርጪኝ። እኔ አርጅቻለሁ፤ አስረው የጉልበት ሥራ እንኳ ቢያሠሩኝ የት እደርሳለሁ። አንቺ ገና ነሽ። እሱ ነው የመጣብኝ፣ እሱ ነው ያሳሳተኝ በይ። ደብዳቤሽን ተቀበይ። ስንቅ የሚያቀብለኝ ከውጭ አንድ ሰው ያስፈልገኛል።" የመጨረሻውን ባና አጥፈው ተነሱ። "አባትሽ ነኝ፤ አዝዤሻለሁ። ሂጂ፣ ሰዓቱ ደረሰ።"

የአጎቷን ትእዛዝ አፍርሳ አታውቅም። ከመሐላው በቀር። መንገዱን ሙሉ ይህንኑ አሰበች። ትእዛዙን ብትፈጽም ሰው ፊት ቆማ ሁለተኛ ጊዜ ልትሸጣቸው ነው፤ አሁን ደግሞ በራሳቸው ፈቃድ። እምቢ ብትል እሥር ቤት ስንቅ የሚወስድላቸው አይኖርም፤ እሷም እዚያው ልትሆን ትችላለች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበጅ የሚነግራት ሰው ፈለገች። ሁልጊዜ የሚነግሯት እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ነግረዋታል።

አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ በረድፍ ተደርድረዋል። ሾፌሮቹ፣ ጸሐፊዎቹ፣ ዘበኛው፣ ጠይባ፣ ተክለጊዮርጊስ፤ ጠዋት የሳቁት ሁሉ ቁጭ ብለዋል፤ አሁን ማንም ማንንም አያይም። ኃይለ ገብርኤል ስለ ንቃት ተናገረ። ስለ ሠርጎ ገቦች ተናገረ። ጠላት በጥይት ብቻ እንደማይመጣ፣ በሰላምታም እንደሚመጣ ተናገረ፤ ይህንን ሲል ማንም አልሳቀም። አንድ ሙሉ አዳራሽ የተማረና ያልተማረ ሰው እንዴት አደርክ ማለት ሴራ መሆኑን ሰምቶ አጨበጨበ።

"ጓድ ቦሰና" አለ። "ተነሺ። ሰውዬው እንዴት እንደመጣብሽ ለጓዶች ንገሪ።"

ተነሳች። ተክለጊዮርጊስ ጫማውን ያያል።

"አልመጡብኝም" አለች። "እኔ ነኝ የሄድኩባቸው።"

ከኋላ አንድ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ።

"ጓድ ቦሰና ደክሟታል" አለ ኃይለ ገብርኤል፤ ድምፁን አልጨመረም። "ተቀመጪና አስቢበት። ሌላ ሰው ይናገር፤ ላንቺ በኋላ እንመለሳለን።"

መውጫ እየሰጣት ነበር። ሁሉም ገብቷቸዋል፤ እሷም ገብቷታል። ዘበኛው ሊረዳት ብሎ ወንበሯን ከኋላዋ ጠጋ አደረገላት።

ቦሰና ወንበሩን በእግሯ መልሳ ገፋችው።

"ሁለት ጊዜ እምቢ ብለውኛል" አለች። "በሦስተኛው አለቀስኩባቸው።"